ከ120 ቮልት አገር የመጣ ሪሲቨርና ሸክላ ማጫወቻ ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይነሳ?

ጣና_ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ያለሁት ባሕር ዳር ነው፣ ሽምብጥ። አጎቴ አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው የሙዚቃ ዕቃ እኔ እጅ ገብቷል። አንድ የጃፓን ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን)፣ በቤልት የሚሽከረከር ሸክላ ማጫወቻ እና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች። ሁሉም የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ናቸው። ሸክላዎቹም አሉ፣ አብዛኞቹ ትንንሾቹ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ናቸው።

ብዙ ዓመት ሳሎን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ነው የኖረው። የሪሲቨሩ ጀርባ ላይ 120 ቮልት ይላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አብሮት አለ። ክዳኑን ስከፍተው ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። አቧራና የሸረሪት ድር ሞልቶታል፣ አንድ ጥግ ላይ የደረቀች እንሽላሊትም አለች።

ስፒናውን ገና አልሰካሁም። የሰፈራችን ሬዲዮ ሠሪ "መጀመሪያ ኮንደንሰሩን በሙሉ ቀይር" አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ "ዝም ብለህ አብራው፣ ከሠራ ሠራ" ይላል። ማንን ልስማ? ካውያና መልቲሜትር አለኝ፣ ብየዳም እችላለሁ። የምፈልገው እንዲሠራ ነው፤ አልሸጠውም።

ባለ_ካውያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እንኳንም አልሰካኸው። ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው።

ኮንደንሰሩን (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘውን ዕቃ) በሙሉ በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው በኋላ ዕቃው ሲያስቸግረው ጥፋቱ የድሮ ይሁን የራሱ መለየት ያቅተዋል። አንዷ ፖላሪቲዋ ተገልብጦ ከገባች ወይም አንድ ብየዳ በደንብ ካልያዘ፣ ፍለጋው ከየት ይጀምራል? ዝም ብሎ ማብራት ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ዓመታት ያለ ሥራ የቆየ ትልቅ ኮንደንሰር ውስጡ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይዳከማል። ድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲመጣበት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ አንዳንዱም ይፈነዳል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጽዳት። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያዝና አቧራውን ወደ ውጭ ጥረገው። ቫኪዩም ካለ ከጎኑ ይዘህ ይሳበው። በአፍህ አትንፋው፣ ምራቅ ይገባል። እንሽላሊቷ የነበረችበትን ቦታ በአልኮል በረጠበ ጥጥ በደንብ ጥረግ፤ ከእሷ የወጣው ፈሳሽ መዳብ ይበላል።

ከዚያ ባትሪ አብራና ቦርዱን በእርጋታ እየው። በዚያ ዘመን የጃፓን ዕቃ ውስጥ ትልልቁን ኮንደንሰር ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቅ ማስቲሽ አለ። አዲስ ሳለ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። በሙቀትና በዕድሜ ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ከሆነ በኋላ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል፣ የነካውን የሬዚስተርና የዳዮድ እግርም ይበላል። እግሩ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ አውጥቶ ታየዋለህ። በስቴኪኒ ፋቀው። ካቻቢቴ አታስጠጋ፣ የቦርዱን መስመር ትቆርጣለህ።

ሦስተኛው ተከታታይ አምፖል ነው። ከሶኬቱ ወደ ትራንስፎርመሩ በሚሄደው ገመድ አንደኛው ሽቦ ላይ ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባ። የድሮው ባለ ክሩ አምፖል ነው የሚያስፈልግህ፣ ኤልኢዲ አይሆንም። ሱቅ ካጣህ ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች ጋር ጠይቅ፣ ለማሞቂያ ይይዙታል። ስፒከር ሳታገናኝ አብራ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከዚያ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፣ ኮንደንሰሮቹ ሞልተዋል ማለት ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀል።

ከደበዘዘልህ የስፒከር ማገናኛው ላይ ዲሲ (እንደ ባትሪ አቅጣጫው የማይለዋወጥ ቮልቴጅ) ለካ። በሁለቱም ቻናል ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከር ማገናኘት ይቻላል። ግማሽ ቮልት፣ አንድ ቮልት ካየህ ተው፣ ውስጡ ብልሽት አለ ማለት ነው፤ ዲሲው ከጨመረ የስፒከሩ ኮይል ሊቃጠል ይችላል።

ፊውዝ ከበላ በሽቦ አትተካ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ምክንያት አለኝ፦ ፊውዙ ካልተቆረጠ የሚቃጠለው የውስጡ ትራንስፎርመር ነው። እሱን ደግሞ ከየትም አታመጣውም።

ከነቀልክ በኋላም ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። እጅህን ከማስገባትህ በፊት ለካ። ካለ በሬዚስተር አውርደው፣ በካቻቢቴ አታጋጭ።

ፈጣን_ጥገና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ውስጡን አውጥቶ የብሉቱዝ አምፕሊፋየር ቦርድ ማስገባት ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ሳጥኑም ውበቱን ይዞ ይቀራል።

ሸክላ_ወዳድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታስደርገው። የሪሲቨሩ የፎኖ መግቢያ ከመርፌው የሚመጣውን ጥቂት ሚሊቮልት አጉልቶ ድምፁን የሚያስተካክል ክፍል አለው። የብሉቱዝ ቦርዱ ይህ የለውም። ሸክላ ሊሰማ የሚፈልግ ሰው ያንን አውጥቶ ምን ሊሰማ ነው?

ባለ_ካውያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ፈጣን ጥገና፣ ብሉቱዝ መፈለግህ ነውር የለውም፤ እኔም ከስልኬ እሰማለሁ። ግን ውስጡ ሳይነካም ይቻላል። ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝተህ ከጀርባ ኦክስ ወይም ቴፕ ኢን የሚለው ላይ ትሰካለህ፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ተገንጥሎ ቆራሌው የወሰደው ቦርድ ግን አይመለስም።

ፔዳ_ፊዚክስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጋሼ ባለ ካውያ ስለ ቮልቴጁ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ ስለ ድግግሞሹ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

የእኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 120 ቮልት 60 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ 50ውን 60 አያደርግም። ለሪሲቨሩ ይህ ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥርም። ጀርባው ላይ "50/60" የሚል ካለ ጨርሶ አታስብ። "60" ብቻ ከሆነ የውስጡ ትራንስፎርመር ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅህ ዳሰው።

ችግሩ ያለው ሸክላ ማጫወቻው ላይ ነው። የብዙዎቹ የዚያ ዘመን ባለ ቤልት ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ድግግሞሽ ነው። ባለ 60 ሞተር እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይቀንሳል፤ 33⅓ የሚለው ወደ 27.8፣ 45ቱ ወደ 37.5 ይወርዳል። ዘፋኙ የታመመ ይመስላል። ሰው ይህን ሲሰማ "ሞተሩ ደክሟል" ብሎ ዘይት ያጠጣዋል፣ ቤልት ይቀይርለታል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው።

መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ፑሊ ማሳደግ ነው። ፋብሪካዎቹ ለ50 ኸርዝ አገሮች የተለየ ፑሊ ይሠሩ ነበር። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት በነሐስ ያወጣሉ። ሂሳቡ ግን "በ1.2 አባዛ" ብቻ አይደለም፣ የቤልቱ ውፍረትም ይገባበታል። ለምሳሌ ፑሊው 10 ሚሊሜትር፣ ቤልቱ 0.6 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 10.6 በ1.2 ሲባዛ 12.72፣ ከዚያ 0.6 ሲቀነስ 12.12 ሚሊሜትር ይመጣል። ዝም ብለህ 12 ብታስወጣው ሸክላው ከልኩ በአንድ በመቶ ያህል ይዘገያል፤ ጆሮ ላለው ሰው ይታወቀዋል። ለ33 እና ለ45 የሚሆኑት ሁለቱም ደረጃዎች በዚሁ ሂሳብ ይሠሩ።

ጨርሰህ ስትገጥም ለመፈተሽ ወረቀት ላይ 180 መስመር ያለው ክብ አትምና ሸክላው ላይ አስቀምጥ። በ50 ኸርዝ መብራት ሥር 33⅓ ላይ በትክክል ሲዞር መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ለ45ቱ 133 መስመር ነው። ለዚህም ባለ ክሩ አምፖል ወይም የድሮው ቱቦ መብራት ይሻላል፤ ብዙው ኤልኢዲ ብልጭታው አይታይም።

ጣና_ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን ሁሉ ከየት አገኝ ነበር። ሪሲቨሩ ላይ "50/60" ይላል፤ ማጫወቻው ላይ "60" ብቻ። ቡናማው ማስቲሽም አለ፣ ልክ እንደተባለው ከሁለቱ ትልልቅ ኮንደንሰሮች ሥር። አንድ ዳዮድ እግሩ አረንጓዴ ሆኗል። ዛሬ ማታ እፍቃለሁ።

የዘጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ውይይቱን ሳላቋርጥ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዘጌ ቤተሰቦቼ ቤት የጀርመን የቫልቭ ሬዲዮ አለ። በእንጨት ሳጥን፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ዓይን ያለው። ሲበራ ይሞቃል፣ ይሰማል፣ ቆይቶ ግን ድምፁ እየተበላሸ ይሄዳል። ከኋላ ሳየው አንዱ ቫልቭ ውስጡ ያለው ብረት ቀይ ሆኗል። ቫልቩን ልቀይር?

ባለ_ካውያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ወዲያው አጥፋውና ሳይሠራ አታብራው። ቫልቩ የተጎዳው በሌላ ጥፋት ነው።

ቀይ የሚሆነው የመጨረሻው ቫልቭ ነው፤ በጀርመን ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ኢኤል 84 ነው፣ ጽሑፉን ብርጭቆው ላይ አንብብ። ከፊቱ ያለችው የወረቀት ኮንደንሰር ዲሲውን አግዳ ድምፁን ብቻ ማሳለፍ ነበረባት። የወረቀት ኮንደንሰር በእርጥበት ይሸነፋል፣ ማሳለፍ ይጀምራል። ዲሲው ሲያመልጥ ቫልቩ ከልኩ በላይ ከረንት ይስባል፣ ብረቱ ይቀላል። አዲስ ቫልቭ ብትገጥምለት እሱንም ይበላዋል።

ኢኤል 84 ከሆነ ፒን 2 ላይ ከሻሲው አንጻር ለካ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። 2፣ 3 ቮልት ፖዘቲቭ ካየህ ያቺ ኮንደንሰር ናት። ያላትን ልክ ተከተል፣ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 22 ናኖፋራድ ናት፤ ቮልቴጇ 630 የሆነ የፕላስቲክ ፊልም ኮንደንሰር ግጠም። ሌሎቹን የወረቀት ኮንደንሰሮችም አንድ በአንድ ቀይር፣ በየመሃሉ እያበራህ ስማ። ከመብራት መስመር ወደ ሻሲ የምትሄደውን ግን በተራ ኮንደንሰር እንዳትተካ፤ ለዚያ ቦታ የተሠራ፣ ዋይ የሚል ደረጃ ያለው ግዛ። እሷ ሾርት ካደረገች ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብረት በሙሉ ይነዝራል።

ከሁሉ በፊት ግን እጅህን ጠብቅ። እዚያ ውስጥ 250 ቮልት ዲሲ አለ። ስትለካ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ። ካልለመድከው ብቻህን አትሥራው፣ ባሕር ዳር ስትመጣ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።

ጀርባው ላይ 110፣ 127፣ 220፣ 240 የሚል መምረጫ ይኖረዋል። የእናንተ ሶኬት ማታ ማታ ከ230 በላይ የሚያሳይ ከሆነ 240 ላይ አድርገው፣ የቫልቮቹ ዕድሜ ይረዝማል።

የዘጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ነቅዬዋለሁ፣ ሳምንት ይዤው እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ኤፍ ኤሙ ባሕር ዳርን ይይዛል፣ ሌሎቹን ግን ጨርሶ አያገኝም። እሱም ብልሽት ነው?

ባለ_ካውያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

አይደለም። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሬዲዮ ኤፍ ኤሙ 100 ላይ ያበቃ ነበር። 96.9 ውስጥ ይገባል፣ ከ100 በላይ ያሉት አይገቡም። አትንካው።

ጣና_ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ዜና! አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ። ዲሲው በግራ 18፣ በቀኝ 23 ሚሊቮልት ነው። ርካሽ የመኪና ስፒከር አገናኝቼ ሞከርኩት፣ ሬዲዮው ይሠራል! ግን ሦስት ነገር አለ። እምምም የሚል ጩኸት አለው፣ ቮሊዩሙን ብቀንሰውም አይቀንስም። ቮሊዩሙን ሳዞር ክርርር ይላል። ፎኖ ላይ ሳደርገው ደግሞ እምምምታው በጣም ይጨምራል።

ባለ_ካውያ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

በመኪና ስፒከር መሞከርህን ወድጄዋለሁ። ዋናዎቹ እዚያው ይቆዩ።

በቮሊዩሙ የማይቀየር ጩኸት ከቮሊዩሙ በኋላ ወይም ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ነው። ከቮሊዩሙ ጋር የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ከፊት ያለውን እናይ ነበር። መልቲሜትርህን ኤሲ ላይ አድርገህ ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ላይ ለካ። አንዳንድ ርካሽ መልቲሜትር ዲሲውንም ደምሮ ያነባል፤ ስለዚህ 1 ማይክሮፋራድ የፊልም ኮንደንሰር በተከታታይ አድርገህ ለካ። ድምፅ በሌለበት ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ቢሆን አልጨነቅም። ከአንድ ቮልት ካለፈ ደርቀዋል።

አሁን ቀይራቸው። ሁለቱን ብቻ። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን ወይም 20 በመቶ ያህል ቢበልጥ ችግር የለም። ቮልቴጁ ያው ወይም ከፍ ያለ። ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል። "ትልቅ ይሻላል" ብለህ እጥፍ እንዳታደርገው፣ ሲበራ ዳዮዶቹን ያስጨንቃል። አረንጓዴ ያወጣችውን ዳዮድም አብረህ ቀይር።

ስትገዛ ተጠንቀቅ። ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ኮንደንሰር ተደርጎ የሚሸጥ አለ። በእጅህ መዝነው፣ ቀለል ካለህ ተጠራጠር። መለኪያ ያለው ሱቅ ከሆነ እዚያው አስለካ። ኤስቲኬ የሚባሉት የድምፅ አይሲዎችም ፎርጅዳቸው ብዙ ነው። የአንተው ከሠራ አመስግነህ ተወው።

የፎኖውን ጩኸት ደግሞ ምንም ሳትፈታ እየው። ከማጫወቻው የሚወጣ፣ ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቀጭን ሽቦ አለ። ሪሲቨሩ ጀርባ "ጂኤንዲ" የሚል ቪቴ ሥር ገብቷል?

ጣና_ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

አልገባም! ሽቦው ተጠቅልሎ ከማጫወቻው ሥር ነበር። አሁን አሰርኩት፣ የፎኖው ጩኸት ጠፋ። ከስር ያለው ትንሹ ቀረ። ለክርክርታው ቤት ያለውን ደብሊው ዲ 40 ልንፋበት?

ፔዳ_ፊዚክስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

ኧረ አይሆንም። መጀመሪያ ይሻለዋል፣ ቆይቶ ግን የሚቀረው ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ስልክ ጠጋኞች ጋር ያለውን የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ጠይቅ። ኤሌክትሪኩን ነቅለህ፣ ከማዞሪያው ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ነፋ አድርግና ማዞሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመህ አዙረው። እስኪደርቅ ጠብቀህ አብራ። ባሱንም፣ ትሬብሉንም፣ የመምረጫ ቁልፎቹንም እንዲሁ አድርግ። የሐይቅ ዳር እርጥበት እነዚህን ነው ቀድሞ የሚይዛቸው።

እመ_ካሴት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ እርጥበቱ ከተነሳ እኔም ልግባ። ባሕር ዳር ውስጥ የሰው ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። በክረምት የማይሻግት ነገር የለም። ከሐይቁ ማዶ ነፋስ ሲመጣ ግድግዳው ራሱ ይረጥባል።

ካሴት ስታነሱ በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ቴፕ ጠርዝ በብርሃን እዩት። ነጭ ዱቄት ካለበት ሻጋታ ነው። ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት። ሻጋታው ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው ብረት) ላይ ይቀመጥና ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ካሴት ይበክላል። እኔ ለሻገተ ካሴት የተለየ ማጫወቻ አለኝ። ማስክ አድርጌ፣ ውጭ በረንዳ ላይ፣ ቴፑን በለስላሳ ጨርቅ መሃል እያሳለፍኩ በቀስታ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ ቪቴ ወዳለው ንጹሕ ሣጥን አዛውረዋለሁ።

ሄድ ለማጽዳት ፋርማሲ ያለው አልኮል አብዛኛው 70 በመቶ ነው፣ ቀሪው ውሃ ነው። ለብረቱ ይሆናል፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ቴፑን የሚጎትተውን ጎማ ግን እኔ በለስላሳ ሳሙናና በውሃ ነው የማጥበው፣ አልኮል ሲደጋገምበት ይደርቃል። ጎማው ካንጸባረቀ ቴፑን ይለቃል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ አልፎም ቴፕ ይበላል። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ቴፑ በጣም ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ከሄዱ ጎን በስፕሪንግ የተያዘች ትንሽ ቪቴ አለች። የሄዱን ዘንበል የምታስተካክል ናት። ብዙ ካሴት ድፍን የሚለው ቴፑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የተቀዳበት ማጫወቻ ሄዱ ዘንበል ብሎ ስለነበር ነው። ካሴቱ እየተጫወተ ያቺን ቪቴ በጥቂቱ ስታዞሯት "ሰ" እና "ሸ" የሚሉት ድምፆች ጥርት ብለው ይወጣሉ። አንዲት እናት የልጃቸውን የድምፅ ደብዳቤ ይዘው መጥተው ነበር፣ ከውጭ አገር በካሴት ቀድቶ የላከላቸውን። ምን እንደሚል አይሰማም ነበር። ሩብ ዙር እንኳ አላዞርኩም፣ ሲስቅ ሁሉ ተሰማ። ሲጨርሱ ቪቴዋን ወደነበረችበት መመለስ ነው። ሳትነኳት በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉባት።

ማስቀመጫ ደግሞ ከሲሚንቶ ግድግዳና ከወለል ይራቅ። ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሩ። ሪሲቨርም ቢሆን ክረምቱን ሙሉ ተሸፍኖ ከሚከርም አልፎ አልፎ ተበርቶ ቢሞቅ ይሻለዋል።

ጣና_ዳር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

እህቴ፣ ይህ ለብቻው ርዕስ ይገባዋል። እናቴ ጋር የሠርግ ካሴቶች አሉ፣ አሁኑኑ ሄጄ ነው የማያቸው።

ሸክላ_ወዳድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

ስለ ሸክላዎቹ እስካሁን ማንም ስላላነሳ ልናገር። ከትንንሾቹ ባለ 45 ውስጥ አምሃ ሪከርድስ ወይም ካይፋ የሚል የአሳታሚ ስም ያለበት ካለ በጥንቃቄ ያዛቸው። አምሃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፣ የቆየውም ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የታተሙት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። እኔ ግን የምለው ስለ ዋጋቸው አይደለም። ብዙዎቹ ዘፈኖች መጀመሪያ እንዴት እንደተሰሙ የሚያሳየው ያ ሸክላ ነው። በደነዘዘ መርፌ አንድ ጊዜ ማጫወት እንኳ ያቆስለዋል።

ስለዚህ ማጫወቻው ከመሠራቱ በፊት መርፌውን ቀይር። ከፑሊውም ይቀድማል። የካርትሪጁን ስም ከፊቱ አንብብና ለእሱ የሚሆን መርፌ ፈልግ። ከዚያ ክንዱን ሚዛን አስይዝ። ብዙው የዚያ ዘመን ማግኔት ካርትሪጅ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይፈልጋል። መለኪያ የለኝም እንዳትል፣ ወርቅ ቤቶች ጋር ግራምን በመቶኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን አለ። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ብትጠይቅ ያውሱሃል። መርፌውን ሚዛኑ ላይ ልክ በሸክላው ከፍታ አሳርፈህ አንብብ። ቀለል ካደረግከው ሸክላውን ያተርፍልኛል ብለህ ከልኩ አታውርደው፤ የቀለለ መርፌ ጉድጓዱ ውስጥ ይዘላል፣ የበለጠ ይጎዳል።

ማጠቢያው ለብ ያለ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አታርጥብ። ወፍራሞቹ፣ ከባዶቹ፣ ሲወድቁ የሚሰበሩት ባለ 78 ካሉህ ግን አልኮል በጭራሽ እንዳይነካቸው፣ የተሠሩበትን ነገር ያሟሟዋል። እነሱን በባለ 45 መርፌም አታጫውት፣ ጉድጓዳቸው ሰፊ ስለሆነ ሌላ መርፌ ነው የሚፈልጉት።

ጣና_ዳር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30

ኮንደንሰሮቹን ቀየርኩ። ከመቀየሬ በፊት 1.9 ቮልት ነበር፣ አሁን 0.2 ነው። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ! ክርክርታውም በስፕሬዩ ሄደ። ደስታዬን መግለጽ አልችልም።

አሁን ስፒከሮቹ ጋ መጣሁ። ጨርቁን አንስቼ የትልቁን ስፒከር ጠርዝ በጣቴ ነካ ሳደርገው ስፖንጁ እንደ ዱቄት ተበተነ። ወረቀቱ ራሱ ደህና ነው። አዲስ ስፒከር ልግዛ?

ባለ_ካውያ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡10

አትግዛ። ስፖንጅ ዕድሜው 15፣ 20 ዓመት ነው፣ በእኛ አየር ከዚያም ያንሳል። ኮይሉን በመልቲሜትር ለካ፤ ባለ 8 ኦኸም ስፒከር 6 አካባቢ ያነባል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ውስጥ ግፋው። ሳይቧጥጥ ከሄደ ስፒከሩ በሕይወት አለ።

የሚሻለው ልኩን ለክቶ ስፖንጁን ከውጭ ማዘዝ ነው። የወረቀቱ ዳር ዲያሜትር፣ የብረቱ ውስጠኛ ዲያሜትር፣ የእብጠቱ ስፋት፣ ሦስቱንም ለካ። የሚመጣልህ ሰው ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። የሀበሻ በግ ሌጦ ስስና ለስላሳ ነው፣ በዓለም የጓንት ሥራ የታወቀ ነው። ከእሱ ቀለበት ቆርጦ የሚያለብስ አለ፣ እኔም ሠርቻለሁ፣ በእርጥበትም አይበተንም። ግን ከስፖንጁ ጠጠር ስለሚል የመጨረሻው ወፍራም ባስ በጥቂቱ ይቀንሳል። ለትልቁ የአጎትህ ስፒከር እኔ ስፖንጁን እጠብቅ ነበር።

ስታጣብቅ የአናጢ ነጭ ኮላ ተጠቀም። ቶሎ ስለማይደርቅ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሃል። ከስልክህ 30 ኸርዝ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገህ እየላክህበት ቀለበቱን አስቀምጥ። ኮይሉ የሚቧጥጥ ከሆነ ይሰማሃል፣ በጣትህ ገፋ አድርገህ መሃል ታስገባዋለህ። ሲስተካከል ሳትነካው እስከ ነገ ይደር። ሁለቱንም ስፒከር አብረህ ሥራ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ድምፁ አይመሳሰልም።

ጣና_ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

እሺ ጋሼ፣ ስፖንጁን አዛለሁ። እኅቴ ውጭ ናት፣ ለፋሲካ ስትመጣ መርፌውንም ይዛ ትመጣለች። እስከዚያ ፑሊውን ላሠራ። ፖሊ አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት ጠይቄ ነበር፣ "ናሙናውን አምጣ" ብለውኛል።

ፔዳ_ፊዚክስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

ናሙናውን ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ እሱን ገልብጠው ያው ባለ 60 ይሠሩልሃል። ልኩን በወረቀት ጽፈህ ሂድ። የሞተሩን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር እዚያው አስለካ፣ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ፑሊው ይንገዳገድና ድምፁ ይወዛወዛል። ቤልቱ የሚሄድበት መሃል ትንሽ ጎበጥ ያለ መሆኑንም ንገራቸው፤ ደልዳላ ከሆነ ቤልቱ ይወርዳል። የቤልቱን ውፍረት ደግሞ በአዲሱ ቤልት ለካ፣ የድሮው ተለጥጦ ሳስቷል።

ባለ_ካውያ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

የወጣውን ልክ፣ ከማጫወቻው ሞዴል ጋር፣ እዚሁ ጻፈው። ከአሜሪካ የመጣ ያው ማጫወቻ ያለው ሰው ጎንደርም ደብረ ማርቆስም ይኖራል። የዘጌው ልጅ፣ ሬዲዮህን ስታመጣ በጀልባ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ቫልቮቹን አውልቀህ በጨርቅ ለየብቻ ያዛቸው። የትኛው ከየትኛው ሶኬት እንደወጣ ግን ጽፈህ።